ለድንኳኑ ያልሰሰተው እጃችን

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ደስ የማይል ነገር ልናገራችሁ ነው። ቅር ቢላችሁም ስሙኝ።

ሰው ሲሞት ጥሩ ነን። ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ መጋላም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ መርዶ ሲሰማ ድንኳኑ ወዲያው ይተከላል። እድርተኛው ወንበር ይሸከማል፣ ሴቶቹ ድስት ይጥዳሉ፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ቀብር፣ ክርስቲያኑም ከሙስሊሙ ለቅሶ አይቀርም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አይጥፋብን።

የምጠይቃችሁ ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ያ የቀበርነው ሰው እኮ ሁለትና ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ከርሞ ነው የሞተው። ያኔ ማናችን በሩን አንኳኳን? ገላውን ማን አጠበው? ሌሊት ማን ገለበጠው?

እዚሁ ከተማችን ውስጥ የአረጋውያንን ነገር የሕይወቷ ሥራ አድርጋ የያዘች አንዲት ነርስ አለች። ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፣ እኔም እንደዚያው ልበላት። ሆስፒታል ውስጥ ከዋርድ ነርስነት እስከ ሜትሮንነት ሠርታለች። ታክመው፣ ድነው ወደ ቤታቸው የሄዱ ሽማግሌዎች ከወራት በኋላ የመኝታ ቁስል ይዘው ሲመለሱ እያየች አንጀቷ አረረ። በመጨረሻ የወር ደመወዟን ትታ፣ ጥቂት ወጣት ነርሶች ቀጥራ፣ ቤት ለቤት የሚዞር የክብካቤ አገልግሎት ከፈተች። ቦርሳቸውን አንግተው በባጃጅ ነው የሚዞሩት።

አንድ ቀን ለገሃሬ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቤት አብሬያት ገባሁ። አባባን ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ሲስተር መጀመሪያ እጇን ታጠበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ «ቦንዡር፣ አባባ» አለቻቸው። ባቡር ላይ የሠሩ አባቶቻችን ፈረንሳይኛቸውን እንዴት እንደሚወዱት ታውቃላችሁ። ፊታቸው በራ። «አሁን ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው፣ ይፍቀዱልኝ» አለቻቸው። ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ጠበቀች። ሳትጎትት፣ አንሶላውን ይዛ ቀስ ብላ አዞረቻቸው። ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ከወገብ በታች ያለውን አጥንት አንድ በአንድ አየች። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ አይታይም። ስለዚህ በእጇ ትዳስሳለች፤ ከሌላው ቦታ የሞቀ ወይም የጠጠረ ካለ ቁስሉ ከስር ጀምሯል ማለት ነው። የአንሶላውን ጭምድድ አቃናች፣ የዳቦ ፍርፋሪ አራገፈች፣ በጉልበቶቻቸው መሀል ትራስ አደረገች፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ስር ሌላ ትራስ አስገባች።

ልጃቸው አልኮል ይዞ መጣ፤ ጀርባቸውን ሊያሽ። ከልቡ ነው፣ አባቱን ይወዳል። ሲስተር ግን እጁን ያዘችው። ብዙ ቤት የሚደረግ ስህተት ስለሆነ ምክንያቱን እናንተም እወቁት። ቁስሉን የሚያመጣው አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት መተኛት ነው። ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መሀል ይጨፈለቃል፣ ደም አይደርሰውም፣ ይሞታል። የተጎዳውን ቦታ ማሸት ደግሞ ከስር ያለውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ዶሪን ኖርተን የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር በአረጋውያን ላይ ያደረገችውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1962 አሳትማለች። በዚያ ዘመን ነርሱ ሁሉ ቅባትና ዱቄት ይቀባ ነበር። ትልቁ መድኃኒት በየተወሰነ ሰዓት እያዞሩ ጫናውን ማንሳት መሆኑን ያሳየችው እሷ ናት። ማን ለቁስል እንደሚጋለጥ መለያም አበጀች። አምስት ነገር ይታያል፦ የሰውነት ሁኔታ፣ የአእምሮ ንቃት፣ መራመድ መቻል፣ አልጋ ላይ መገላበጥ መቻል፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 14ና ከዚያ በታች ከሆነ ሰውየው አደጋ ላይ ነው። ሲስተር ይህን መለያ በደብተሯ ይዛ ትዞራለች።

እና ይህች ሴት ሒሳቧን ስትናገር ምን እንላታለን? «ለመገልበጥ ብቻ ይህን ያህል?» «በሽማግሌ ትነግዳለች።» እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደግሞ የሚናገሩት ለሠርግ አዳራሽ ሲከፍሉ ዋጋ የማይጠይቁ ሰዎች ናቸው። ወገኖቼ፣ ይሄ ነውር ነው። ጓንት በነጻ አይመጣም። ፋሻና ዳይፐር ይገዛል። ባጃጁ ይከፈለዋል፣ የወጣቶቹ ነርሶች ደመወዝ ወር ጠብቆ ይመጣል። ርኅራኄዋን በነጻ ስጪን ካልናት ድርጅቱ ይዘጋል፣ ነርሶቹም ወደ አረብ አገር ይሄዳሉ። ያኔ አባታችንን የምታነሳው ማንም ሳያሠለጥናት ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት፤ ወገቧ ተቆርጦ።

ወንዶች፣ ለናንተ ለብቻ ልናገር። እናት ስትተኛ ሥራዋን የምትተወው እህታችሁ ናት። እናንተ ከሰዓት በርጫ ላይ ቁጭ ብላችሁ «እማዬ እንዴት ዋለች?» ብላችሁ በስልክ ትጠይቃላችሁ። ተነሱ። ገላ ማጠብ ቢያሳፍራችሁ ሌላ ብዙ ሥራ አለ። ሌሊት አንድ ተራ ያዙ፣ መድኃኒት ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡ። ጅቡቲና ካናዳ ያላችሁም፣ የምትልኩት ብር ለነርስ የሚከፈል መሆኑን ለይታችሁ ተናገሩ፤ ካለዚያ በሌላ ወጪ ያልቃል።

ውሃም ስጧቸው። የድሬን ግንቦትና ሰኔ ታውቁታላችሁ፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ያልፋል። ሰው ሲያረጅ የጥሙ ስሜት ይደክማል፤ ሰውነቱ ደርቆ እንኳ አይጠማውም። ብዙዎቹ ደግሞ እያወቁ አይጠጡም። ሽንት ቤቱ ግቢው ዳር ነው፣ ማታ ሰው ላለማስቸገር ብለው ይተዉታል። እኛ «አልጠጣም አሉ» ብለን እናልፋለን። ከዚያ ድንገት ይቀባዥራሉ፣ ይወድቃሉ፣ አጥንት ይሰበራል፣ እርጅና ነው እንላለን። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም መጠን ካልወሰነባቸው በትንሽ ኩባያ እየደጋገማችሁ አጠጧቸው። አልጋው አጠገብም ፖፖ አስቀምጡ፤ ማታ መፍራታቸው ይቀራል።

ይህን እንደ ትሩፋት የሚያይ ሰው ካለ ሕጉን ልንገረው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ ጥሎበታል። ቀለብ ሲል ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም አለበት። ቤተክርስቲያንም መስጊድም የሚያዙንን እዚህ አልደግመውም፣ ሁላችንም ከልጅነት ሰምተነዋል። መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዘዋል። እሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን አባታችንን እኛ ሳንገለብጥ ቀበሌውን መክሰስ አያምርብንም።

የእድር ዳኞች፣ ቃሌ ወደናንተም ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚወጣው ለምን ሰው ሲሞት ብቻ ይሆናል? ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን በአገራችን ብዙ እድሮች ሕሙማንን በየቤቱ አስታመዋል፣ የሙት ልጆችን ደግፈዋል። ተችሎ ያየነው ነገር ነው። የሐረሪ ወገኖቻችንም «አፎቻ» በሚሉት፣ እንደ እድር ባለው ማኅበራቸው ይምከሩበት። ከወር መዋጮው ትንሽ ተቀንሶ ልጅ ለሌላቸው ለተኙ አባላት የነርስ ክፍያ ይሁን። ለቀሪዎቻችን ደግሞ ሲስተርን ወይም ባልደረቦቿን ለአንድ ከሰዓት ጋብዙልን፤ አስከፍላችሁ ሳይሆን ከፍላችሁ። አንድ አልጋ ይዘርጋ፣ ሰው እንዴት እንደሚዞር እዚያው ታሳየን። የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ አስገቡት፤ እኔም እገኛለሁ።