ማሪያን «አጋጣሚ» የሚሏት ሰዎች ሣር ላይ ምን እያዩ ነው?

ይህን የምጽፈው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ነው። በሣር ሜዳ ላይ ከተካሄደው የለንደኑ የኩዊንስ ክለብ የሴቶች ውድድር ፍጻሜ ወዲህ ሳምንት አልፏል፤ የቴኒስ ወዳጆች ክርክር ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ እዚያው ቆሟል። የ37 ዓመቷ ጀርመናዊት ታትያና ማሪያ በዓለም 86ኛ ደረጃ ላይ ሆና፣ ከማጣሪያ ተነሥታ ዋንጫውን መውሰዷን መቀበል የተሳናቸው ሰዎች በየቀኑ አዲስ ምክንያት ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ዕድሜዋን ያነሣል፣ ሌላው የኳሷን ፍጥነት ይለካል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሴቶች ቴኒስ ምን ያህል እንደ ወረደ ማሳያ ያደርጋታል። ከሁሉም ያበሳጨኝ ግን «ማሪያ አላሸነፈችም፤ ተጋጣሚዎቿ ናቸው ራሳቸውን የጣሉት» የሚለው፣ ሰሞኑን እንደ ትልቅ ትንታኔ የሚደጋገመው አባባል ነው።

የዚህ አባባል ምንጭ ሩቅ አይደለም። አሪና ሳባሌንካ የፈረንሳይ ኦፕንን ፍጻሜ በኮኮ ጎፍ ከተሸነፈች በኋላ፣ ጎፍ ያሸነፈችው ድንቅ ስለ ተጫወተች ሳይሆን እርሷ ራሷ በሠራቻቸው ስሕተቶች እንደ ሆነ ለጋዜጠኞች ተናግራ ነበር። በዚያ ነፋሻ ቀን 70 ያህል «ያልተገደደችባቸው» ስሕተቶች፣ ማለትም ተጋጣሚ ሳያስጨንቃት የሠራቻቸው የሚባሉ፣ ተመዝግበውባታልና ቁጥሩ የሚደግፋት መስሏት ይሆናል። ሳባሌንካ ኋላ ላይ ንግግሯ ሙያዊ እንዳልነበረ አምናለች፤ ለጎፍም ጽፋላታለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘግቷል። ደጋፊዎች ግን ተናጋሪዋ ራሷ የተወችውን ክርክር አንሥተው በማሪያ ላይ ጫኑት። ለመሆኑ ስሕተት ከሰማይ ይወርዳል? የጨዋታውን ቁጥሮች የሚይዘው መዝጋቢ «ያልተገደደ» ብሎ የሚጽፈው የመጨረሻዋን ምት ብቻ አይቶ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ስምንትና አሥር ምቶች ያቺ ተጫዋች ወደ ፊትና ወደ ኋላ መጎተቷን፣ የምትወደውን ከፍታ አንድ ጊዜ እንኳ አለማግኘቷን፣ ትዕግሥቷም ማለቁን የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።

እስቲ በኩዊንስ በማሪያ የተሸነፉትን እንያቸው። ሌይላ ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የዩኤስ ኦፕንን ፍጻሜ ተጫውታለች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ካሮሊና ሙሆቫ በ2023 ለፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳለች። ኤሌና ሪባኪና በ2022 ዊምብልደንን፣ በሣር ላይ የሚካሄደውን የለንደን ታላቅ ውድድር፣ ወስዳለች። ማዲሰን ኪስ የ2025 የአውስትራሊያ ኦፕን አሸናፊ ናት። ከአምስቱ እስከዚያ ድረስ የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ፍጻሜ ያላየችው፣ በመጨረሻው ጨዋታ 6-3፣ 6-4 የተረታችው አማንዳ አኒሲሞቫ ብቻ ነበረች። እነዚህ አምስት ተጫዋቾች በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሁኔታ፣ በአንዲት ሴት ፊት ሲቆሙ ብቻ መጫወት የሚረሱ ከሆነ፣ ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ማን መሄድ እንዳለብን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሣሩ እንጀምር። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ያደጉት ኳስ ወደ ወገብና ወደ ትከሻ በምትነሣባቸው ጠንካራና ቀይ አፈር ሜዳዎች ላይ ነው። የራኬት አያያዛቸው፣ አቋቋማቸው፣ የክንዳቸው ዙረት ሁሉ ለዚያ ከፍታ የተቃኘ ነው፤ ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠረጉ ወደ ፊት እንድትሽከረከር ያደርጓታል፤ የሚጠብቁትም መልስ ያንኑ የመሰለ ነው። ማሪያ ተቃራኒውን ታደርጋለች። ራኬቷን ከላይ ወደ ታች አውርዳ ኳሷን ከሥሯ ትቆርጣታለች። ኳሷም ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ከመረቡ ጥቂት ከፍ ብላ ታልፍና ሣሩን ስትነካ መነሣቷን ትታ ትንሸራተታለች። ይህ ስላይስ የሚባለው ምት ነው፤ በጠንካራ ሜዳ ላይ ጊዜ መግዣ ሲሆን በሣር ላይ ግን ራሱን የቻለ ማጥቂያ ነው። ተጋጣሚዋ ጉልበቷን አጥፋ፣ ኳሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍታ አንሥታ፣ መረቡን አሻግራ፣ ከሜዳው ጫፍ በፊት ማሳረፍ አለባት። ኳሷ የራሷ ፍጥነት ስለሌላትም ፍጥነቱን የምታመነጨው መቺዋ ራሷ ናት። ይህ በመጀመሪያው ምት ይቻላል፤ በአምስተኛውም ይቻላል። ጨዋታው ሰዓት ካለፈ፣ ጭንና ወገብ መዛል ከጀመረ በኋላ ግን ራኬቱ ዘግይቶ መድረስ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ኳሷ ወይ መረብ ትመታለች ወይ መስመሩን አልፋ ትወርዳለች፤ መዝጋቢውም ሳያመነታ «ያልተገደደ ስሕተት» ብሎ ይጽፋል። ሪባኪናና ኪስ ሁለቱም 2 ለ 0 የተሸነፉት እንዲህ ነው። ሁለቱ የሚመቱትን ኳስ ያየ ሰው ማሪያን በኃይል ሊበልጧት እንደማይቸገሩ ያውቃል፤ ማሪያ ግን ኃይላቸውን የሚያሳርፉበት ኳስ አልሰጠቻቸውም።

በዚህ ላይ ምቱ በባክሃንድ (በእጅ ጀርባ በኩል) ብቻ ቢሆን ሌሎችም ያውቁታል። ማሪያ በፎርሃንዷም (በመዳፍ በኩል) ትቆርጣለች፤ ይህን በዛሬው ቴኒስ ዋና መሣሪያው ያደረገ ተጫዋች ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ባክሃንዷም ቢሆን ከልጅነቷ ይዛው ያደገችው አይደለም፤ በሁለት እጅ ትመታ የነበረችው ተጫዋች፣ የመጀመሪያ ልጇን ነፍሰ ጡር ሳለች ነው ወደ አንድ እጅ የለወጠችው። አንድ ሙያተኛ ለዓመታት የኖረበትን ምት አፍርሶ እንደ አዲስ ሲገነባ፣ ፍሬውንም ከዓመታት በኋላ ሲለቅም «ዕድል ነው» ማለት የሚቀናው ሰው ሥራ የሚባለውን ነገር እንዴት እንደሚያየው ሊገባኝ አልቻለም። የመጀመሪያውን የነጠላ ዋንጫዋን ያገኘችው በ2018 በማዮርካ ሣር ላይ ነው። በ2022 ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ከዓመት ጥቂት በኋላ፣ በዓለም 103ኛ ሆና፣ የዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። አሁን ደግሞ ኩዊንስ። በየጥቂት ዓመቱ በዚያው ሣር ላይ የሚመላለስ አጋጣሚ እስካሁን አላጋጠመኝም።

«የዛሬ ሣር የጥንቱ ሣር አይደለም» የሚሉም አልጠፉም። ዊምብልደን ከ2001 ጀምሮ ሜዳውን በአንድ ዓይነት ጠንካራ የሣር ዘር መሸፈኑና ኳስ ከድሮው ይልቅ ከፍ ብላ መነሣቷ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍ ብላ የምትነሣው ወደ ፊት የምትሽከረከረዋ ኳስ ናት። ሽቴፊ ግራፍ ሰባት ጊዜ ዊምብልደንን ስትወስድ ባክሃንዷ የሚታወቀው በዚሁ የቆረጣ ምት ነበር ቢባል «የድሮ ዘመን ነው» ይሉኝ ይሆናል። አሽሊ ባርቲ በ2021 ያሸነፈችው በየትኛው ዘመን ነው? ኦንስ ጃቡር በ2022ና በ2023 በተከታታይ ፍጻሜ የደረሰችውስ በየትኛው ሣር ላይ ነው?

ማሪያ ከኩዊንስ በፊት ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ መሸነፏን እንደ መጨረሻ ማስረጃ የሚያቀርቡልኝም አሉ። ሽንፈቶቹ እውነት ናቸው፤ አብዛኞቹ ሣር ባልሆነ ሜዳ ላይ የሆኑ ናቸውና የሚያጠናክሩት የእኔን ክርክር ነው።

ወደ ዕድሜው ልለፍ። «የ37 ዓመት እናት ዋንጫ የምታነሣበት ቴኒስ ደካማ ቴኒስ ነው» የሚሉን ሰዎች የራሳቸውን የዊምብልደን የወንዶች ግምት ቢያነቡ መልካም ነበር፤ ኖቫክ ጆኮቪች እዚያ ላይ አለ። ጆኮቪች የተወለደው በግንቦት 1987 ነው፤ ማሪያ የተወለደችው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። ከማሪያ በወራት የሚበልጠው ሰው በ2024 በ37 ዓመቱ የዊምብልደንን ፍጻሜ ሲጫወት «የወንዶች ቴኒስ ወረደ» ያለ አልሰማሁም። ሮጀር ፌደረር በ2017፣ 36ኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው፣ ዊምብልደንን ሲያሸንፍ ብስለት ተባለ፣ ጥበብ ተባለ። ብስለት የሚባለው ነገር በሴት እጅ ሲገባ ስሙ ድካም የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ልዩነቱን ለማየት ወደ ኋላ መሄድም አያስፈልግም። በዚሁ ሰሞን አሌክሳንደር ቡብሊክ በጀርመኗ ሃሌ ሣር ላይ የዓለም አንደኛውን ያኒክ ሲነርን ጥሎ ዋንጫውን ወሰደ። ቡብሊክ ከመረቡ ሥር በምትወድቅ ኳስ፣ በድንገተኛ ለውጥና በማታለል የሚታወቅ ተጫዋች ነው። እርሱን «ሊቅ» ያሉት አንደበቶች፣ ያንኑ የተጋጣሚን ምት የማበላሸት ሙያ በማሪያ ሲያዩት «አሰልቺ» አሉት። እኔ በግሌ ሁለቱንም መመልከት ደስ ይለኛል፤ አንዱን አወድሶ ሌላዋን የሚያጣጥለው ሰው ግን ስለ ቴኒስ እየተናገረ አይደለም።

እግረ መንገዴን ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። ኩዊንስ ከ1973 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ውድድር ሲያስተናግድ፣ ለሴቶቹ የተመደበው ጠቅላላ ሽልማት 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማለትም በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሜዳ ለወንዶቹ ከተመደበው ግማሽ ያህል ነበር። የብሪታንያ የቴኒስ ማኅበር እስከ 2029 አስተካክለዋለሁ ብሏል። የሽልማቱን ማነስ የጨዋታው ማነስ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች መኖራቸውን ሳይ፣ ማኅበሩ አራት ዓመት የሚጠብቀው ለምን እንደ ሆነ ይበልጥ ግራ ይገባኛል።

አሁን ወደ ዊምብልደን። ከ2017 እስከ 2024 በተካሄዱት ሰባት ውድድሮች ሰባት የተለያዩ ሴቶች አሸንፈዋል፦ ሙጉሩዛ፣ ከርበር፣ ሃሌፕ፣ ባርቲ፣ ሪባኪና፣ ቮንድሩሾቫ፣ ክሬይቺኮቫ። ጠንካሮቹ ገና ከጅምሩ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ውድድሩ በቁጥር ከሚመድባቸው 32 ተጫዋቾች መካከል ሪባኪና 17ኛ፣ ክሬይቺኮቫ 31ኛ ሆነው የተመደቡ ነበሩ፤ ቮንድሩሾቫ ጭራሽ ከተመዳቢዎቹ ውስጥ አልነበረችም። ይህን ሁሉ አይቶ አሁንም የደረጃ ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች እየቀዳ «ተፎካካሪዎቹ እነዚህ ናቸው» የሚል ተንታኝ ምን ቢያይ እንደሚማር አላውቅም። ውድድሩ ራሱም ከዚህ የተሻለ አላደረገም። ለወንዶች የሣር ውጤትን የሚቆጥር የራሱ ቀመር ነበረው፤ ከ2021 ጀምሮ ትቶታል። ለሴቶች ቀመር ባይኖርም ኮሚቴው በፈቃዱ የሚያስተካክልበት ጊዜ ነበር፤ በ2018 ሴሬና ዊሊያምስን በዓለም 183ኛ ሳለች 25ኛ አድርጎ መደባት፤ እርሷም ፍጻሜ ደርሳ ውሳኔው ትክክል እንደ ነበር አሳየች። በ2025 ግን 32ቱ ቦታዎች እንደ ደረጃው ተከፋፍለዋል። በሰኔ 2025 በበርሊን ሣር ላይ ዋንጫ ያነሣችው፣ ከትከሻ ጉዳት የተመለሰችውና ሳባሌንካን በግማሽ ፍጻሜ 6-2፣ 6-4 የረታችው ቮንድሩሾቫ አልተመደበችም። ማሪያም አልተመደበችም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሣር ላይ ሁለቱን ትልልቅ ዋንጫዎች የወሰዱት ሴቶች በሣር ውድድር ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም ማለት ነው፤ ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎችም ይህን ሲያዩ ምንም አልከበዳቸውም።

ጎፍን በተመለከተ፣ የፓሪሱን ድል ማንም ሊነካባት አይገባም። ዊምብልደን ላይ ግን እስከ 2024 ድረስ ከአራተኛ ዙር አልፋ አታውቅም ነበር፤ ፎርሃንዷ ለዝቅተኛ ኳስ የተሠራ አይደለም፤ በርሊን ላይም የመጀመሪያ ጨዋታዋን በዋንግ ሺንዩ ተሸንፋ ወጥታለች። እኔ በዊምብልደን ተፎካካሪዎች ዝርዝሬ ከማሪያ በታች ነው የማስቀምጣት፤ የሚስቅ ይሳቅ። ስለ ኢጋ ሽቪዮንቴክ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ በዋናው የዊምብልደን ውድድር እስከ 2024 ድረስ የደረሰችበት ከፍተኛው የ2023 ሩብ ፍጻሜ ነበር። ሳባሌንካ እስከ 2024 ድረስ ሁለት ጊዜ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች፤ በርሊን ላይ በሪባኪና አራት ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ ከሽንፈት ሲለያት ተርፋ ማሸነፏም የዋዛ ነገር አይደለም፤ ኳስ ዝቅ ስትልባት ግን ምን እንደምትመስል ቮንድሩሾቫ ለሁሉም አሳይታለች። ሪባኪና ካልታመመችና ሰርቧ (የመክፈቻ ምቷ) ከሠራላት ማንንም ትጥላለች። አኒሲሞቫ በኩዊንስ ፍጻሜ ብትሸነፍም ኳስን ቀድማ በመምታቷ ከብዙዎቹ ቀዳሚዎች ይልቅ ልትፈራ ይገባታል፤ ስሟን የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም።

ይህን ስጽፍ የ2025 ዊምብልደን ዕጣ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር። ከስምንቱ ቀዳሚዎች መካከል የመጀመሪያ ዙር ተጋጣሚዋ ማሪያ ወይም ቮንድሩሾቫ መሆኗን ሰምታ «ተመስገን፣ ቀላል ደረሰኝ» የምትል አንዲት እንኳ ካለች፣ ስሟን ንገሩኝና ከዝርዝሬ ልሰርዛት።