ለቃላት ዘር ቆጣሪዎች የቀረበ ውዳሴ

ባለፈው ሳምንት ሰብሳቢያችን «ኦኬ፣ እንቀጥል» ከማለታቸው ከጎኔ የተቀመጡ ሰው ጣታቸውን ቀስረው የቃሉን የትውልድ ሐረግ ይዘረዝሩልን ጀመር። እኚህን ሊቅ አንባቢዬም ያውቋቸዋል፤ እርሳቸውን የመሰለ የማይገኝበት ጉባኤ የለምና። መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ ለማንኛውም ቃል አባትና አያት የሚቆጥሩ እነዚህ ባለውለታዎች እስከ ዛሬ ሳይመሰገኑ መቅረታቸው ያሳፍራል።

እንዳስተማሩን ከሆነ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አንድም ሰው ያልሞተበት ጦር ምሽት ላይ ዜሮና «ኬ» የተጻፈበት ሰሌዳ ይሰቅል ነበር፤ ዜሮዋ «ኦ» ተብላ ስትነበብ፣ «ኬ» ደግሞ «የተገደለ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደች ፊደል ናት። እንዴት ያማረ ሥርዓት ነው! አርባ ሰው የወደቀበት ጦር «40 ኬ» መስቀሉ አይቀርምና፣ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል «3 ኬ»፣ የደመወዝ ጭማሪ የተከለከለ ሠራተኛም «40 ኬ» ብሎ መመለስ ነበረበት። እግሩን ብቻ ያጣ ወታደር «ግማሽ ኬ» ይባል እንደሆነ ጠይቄ አልተመለሰልኝም። ከ600,000 በላይ ሰው ባለቀበት ጦርነት ያ የዜሮ ሰሌዳ አቧራ ጠግቦ እንደኖረ ብገምትም፣ ቃሉን ለዓለም ለማዳረስ ግን አላነሰም።

እንቅፋቱ አንዲት ቀን ናት። ቃሉ በአንድ የቦስተን ጋዜጣ የታተመው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839፣ ጦርነቱ ሊጀመር 22 ዓመት ሲቀረው ነው። በ«ኤ» እና በ«ሲ» መጀመር የነበረበትን «ሁሉም ትክክል» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆን ብለው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ያሳሳቱ ቀልደኞች ያወጡት ምህጻረ ቃል ነበር። በ1840ው ምርጫ የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ደጋፊዎች፣ በትውልድ ስፍራቸው በኪንደርሁክ ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» (በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያጥር ይኸው «ኦኬ») እያሉ መፈክር አደረጉት፤ ቃሉም በዚያው ገነነ።

ይህን ያረጋገጠው አለን ዎከር ሪድ የተባለ ምሁር ያረጁ ጋዜጦችን አገላብጦ ማስረጃውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሳትሟል። እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ላይ ነው። የሰው ዓይን የፈሰሰበትን ሥራ «እኔ ግን የሰማሁት እንዲህ ነው» ብሎ መሻር ዕውቀት አይደለም፤ ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርኩ። ለዚሁ ቃል ከግሪክ፣ ከስኮትላንድና የአሜሪካ ነባር ከሆነው ከቾክታው ሕዝብ አያት ያስመጡለትም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ቃሉ እንደ አነጋገሩ «እሺ»ም፣ «ደህና ነኝ»ም፣ «ከመጥፎ ይሻላል»ም፣ «በቃ፣ ዝም በል»ም ይሆናል። ያቺን ቀን ስነግራቸው ሊቁ ፈገግ ብለው «ኦኬ» ሲሉኝ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ወዲያው በግራቸው ወዳለው ሰው ዞረው የሌላ ቃል አያት መቁጠር ጀምረው ነበርና።