ሲሻር የሚበላ

ይኸው፣ ሌላም የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ ተሾመ። ዜናውን ያያችሁ ሁሉ ከኔ እኩል እንደተቃጠላችሁ አልጠራጠርም። ሰውዬው ሴፕቴምበር ላይ ሊቅ ነበር። ኦክቶበር ላይ «ትንሽ ጊዜ ስጡት» ተባለ። ኖቬምበር ላይ ተባረረ። የገና መብራት ከየደጁ ሳይወርድ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ቀለም ከረባት አስሮለት ማይክ ፊት አቆመው። ደሞዙ ጨምሯል። ፈገግታው ያው ነው።

የማወራው ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ነው። ልጆቻችን ቅዳሜያችንን ስለነጠቁበት ጨዋታ። በተለይ ደግሞ ስለ ማጥቃት አሰልጣኙ። ዋናውን አሰልጣኝ አይደለም የምላችሁ፤ እሱ ዳኛ ላይ የሚጮኸው ነው። ይኼኛው ኳሷ የኛ ስትሆን ምን እንደምናደርጋት የሚወስነው ነው። እዚህ አገር ታክሲ የሚነዳ ዶክተር አይቻለሁ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቅ መሐንዲስ አይቻለሁ። እንደዚህ የተባረከ ሙያ ግን አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ ሐሜቱን ትቼ ላመስግን።

አጀማመሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀት ይበላል። ልጁ ማስተርሱን እየተማረ በረዳትነት ይገባል። ስሙ ረዳት ይባል እንጂ ተላላኪ ነው። የጨዋታ ቪዲዮ ይቆራርጣል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ለምልመላ የመጣ ተጫዋች ከኤርፖርት ይቀበላል፣ ቢሮ ሶፋ ላይ ያድራል። ከዚያ የሯጮች አሰልጣኝ፣ ከዚያ የተቀባዮች፣ ከዚያ የኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረውና የሚያከፋፍለው ተጫዋች። በየሁለት ዓመቱ ሚስትና ልጆቹን ጭኖ ክፍለ ግዛት ይቀይራል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ማስረጃ ብትዘረጉት ካርታ ይወጣዋል።

ከዚህ መንገድ እውነተኛ ፈጣሪዎች መውጣታቸውን አልክድም። በ1989 ሃል መሚ የሚባል አሰልጣኝ አዮዋ ዌስሊያን የምትባል ትንሽ ኮሌጅ ሲገባ ማይክ ሊችን ቀጠረ። ሊች የሕግ ዲግሪ ያለው፣ ራሱ በኮሌጅ ደረጃ ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ጊዜው አብዛኛው ቡድን ኳሷን አቅፎ የሚሮጥበት ነው። ሁለቱ «እንወርውራት» አሉ። ወረወሯት። በጣት የሚቆጠሩ ንድፎች ይዘው እነሱኑ እስኪሰለች ተለማመዱ። ስሙም «ኤር ሬይድ»፣ የአየር ድብደባ፣ ሆኖ ቀረ። ሊች በ2000 ቴክሳስ ቴክን ተረከበ፤ ከሥሩ ያለፉት ልጆች ዛሬ አገሩን ሞልተውታል። በ2022 መጨረሻ አረፈ፣ ነፍስ ይማር። መከራው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አሁን ሊችን በሩቁ ሰላም ያለ ሁሉ ደቀ መዝሙሩ ነኝ ባይ ሆኗል። ሥራ ሲፈልግ «ፈጣን ማጥቃት ነው የማመጣላችሁ» ይላል። ሁሉም ፈጣን ነው። ዘገምተኛ ማጥቃት ይዤ መጣሁ ያለ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን ወደምወደው ልግባ። ወረቀቱ።

የማጥቃት አሰልጣኝ ያለ ወረቀቱ አይታይም። ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ለአራት ሰው በየዓይነቱ የሚቀርብበትን ትሪ የሚያክል ነገር ነው። ቢጫ ሳጥን፣ ሮዝ ሳጥን፣ አረንጓዴ ሳጥን። በየሳጥኑ ውስጥ ንስር ዓይን የሚፈትን ጽሑፍ። ሜዳው መሀል ስንሆን አንዱ ሳጥን፣ መስመሩ አፋፍ ስንደርስ ሌላው ሳጥን። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ያዘጋጀው ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ነን እንበል። ለማታውቁት፣ በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ አለባችሁ፤ ካልሆነ ኳሷ የሰው ናት። የቀረችን 1 ያርድ ብቻ ናት። ሰዓቱ ከ40 ሰከንድ መቁጠር ጀምሯል። ሰውዬው ወረቀቱን ያያል። ይገለብጠዋል። መልሶ ይገለብጠዋል። ከዚያ ወደ ፊቱ አንስቶ አፉን ይሸፍናል። ዓይኑ ብቻ ትቀራለች። ለምን ቢሉ፣ ተቃራኒ ቡድን የከንፈሩን እንቅስቃሴ እንዳያነብ። ከ2024 ወዲህ በትልልቆቹ ኮሌጆች አንድ ተጫዋች ሄልሜቱ ውስጥ ሬዲዮ አለው፤ 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል። ታዲያ ሬዲዮው ካለ በቃ አይባልም። ዳር ላይ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ የለበሱ ሦስት ልጆች እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ሁለቱ ውሸታቸውን ነው፤ ለማምታቻ የቆሙ ናቸው። አጠገባቸው ደግሞ ሰሌዳ ይወጣል። ሰሌዳው ላይ አራት ስዕል፦ የካርቱን ድመት፣ በርገር፣ መብረቅ፣ የአንድ ዘፋኝ ፊት። ከኋላ ሁለት ጎረምሶች አንሶላ ወጥረው ይቆማሉ፤ ማዶ ያለው ካሜራ ድመቷን እንዳያያት።

11ዱም ተጫዋቾች አንገታቸውን ወደ ዳር ያዞራሉ። ያያሉ። ይመለሳሉ። ተከላካዮቹ ቦታ ይቀያይራሉ። ወዲያው 11ዱም እንደገና አንገታቸውን ያዞራሉ። ሰውዬው ሐሳቡን ቀይሯል! ሰሌዳው ይገለበጣል። አሁን በርገሩ ከላይ ነው፣ ድመቷ ከታች። ስታዲየሙ ትንፋሹን ውጧል። ሰባት ሰከንድ። ስድስት። ኳርተርባኩ ይጮሃል፣ በእግሩ መሬት ይመታል፣ አንዱ ተቀባይ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

ከዚያ ኳሷን ለሯጩ ይሰጡትና መሀል ለመሀል ይገባል። ከራሱ ጓደኛ ጀርባ ጋር ተላትሞ ይወድቃል። ግማሽ ያርድ ወደ ኋላ።

ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው ያለ ሰው ሁሉ መሀል እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ፉትቦል ሲባል የእግር ኳስ የሚመስላቸው የጎረቤቴ እናት እንኳ ከሶፋው ላይ «መሀል ሊልኩት ነው፣ ይኼ ምስኪን!» ብለው ነበር። ድመቷን ሳያዩ። ተከላካዩም ያውቅ ነበር። ያላወቀው ያ ሬዲዮ፣ ያ ሰሌዳ፣ ያ አንሶላ ብቻ ነው። በአራተኛው ሙከራ ኳሷን በእግር ለግተን ለሰዎቹ እንሰጣቸዋለን። አሰልጣኙ ወረቀቱን ከአፉ አውርዶ ክፉኛ ያየዋል፤ ጥፋቱ የወረቀቱ ይመስል። ከዚያ ብዕር ያወጣና የሆነ ነገር ይጽፍበታል። ፕላስቲክ ላይ! በምን ብዕር እንደሆነ፣ ምንስ እንደሚጽፍ፣ የነገረኝ የለም። ይቅርታ፣ ገና አልጨረስኩም። ሁለተኛው አጋማሽ አለ። እዚያም ያንኑ ጨዋታ ይጠራዋል። ስዕሉ ግን ይቀየራል። ለውጥ ማለት ይኼ ነው።

ከጨዋታው በኋላ መግለጫ ይሰጣል። እዚህ ላይ ለሚናገራት ዐረፍተ ነገር ሐውልት ቢቆም አልቃወምም። «ንድፉ ጥሩ ነበር፣ አፈጻጸም ላይ ነው የቸገረን።» ልብ በሉ፤ ሲሳካ ንድፍ ነው፣ ሲበላሽ አፈጻጸም። ንድፉ የሱ ነው። አፈጻጸሙ የ19 ዓመት ልጆች ነው።

በመጨረሻ ይሻራል። አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ትላለች። እነዚህ ይኼን ተረት ቢሰሙት በሳቅ ይሞታሉ፤ ዋናው ግብር የሚበላው ሲሻሩ ነዋ። ውላቸው የሚረዝመው አንድ ጥሩ ዓመት ባሳለፉ ማግስት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሌላው እንዳይነጥቀው ይደነግጥና የአምስትና የስድስት ዓመት ዋስትና ይፈርማል። ሲሰለቸው ደግሞ ያልተሠራባቸውን ዓመታት ይከፍላል። በማጥቃት ሊቅነታቸው ከፍ ከፍ ብለው ዋና አሰልጣኝ የሆኑት ላይ ድምሩን እዩት። በ2020 በአላባማ ክፍለ ግዛት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን ሲያሰናብት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ። በ2023 በቴክሳስ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሪከርዱን ሰበረው፤ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ሥራ ላለመሥራት።

ይኼም አያልቅም። ብዙ ውል ላይ አንድ አንቀጽ አለ፦ የተባረረው ሰው ሌላ ሥራ ካገኘ አዲሱ ደሞዙ ከዕዳው ላይ ይቀነሳል ይላል። ብልህ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? በትንሽ ደሞዝ ይቀጠራላ። ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የስንብት ክፍያ እየጠበቀው፣ በዓመት 35 ሺህ ዶላር የአንድ ኃያል ቡድን «የማጥቃት ተንታኝ» ሆኖ የገባ ሰው አለ። አሠሪው ርካሽ ሊቅ አገኘ፣ አሮጌው አሠሪ ሂሳቡን ይችላል፣ ሰውዬው ስሙን አድሶ ይወጣል። የቴክሳሱ ውል ደግሞ ይቺ የመቀነሻ አንቀጽ እንኳ አልነበረችውም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ገንዘቡ ከለጋሾችና ከስፖርት ገቢ ነው እንጂ ከመማሪያው አይደለም ይሉናል። እሺ። ታዲያ በስንቱ ግቢ ስታዲየም ረግጦ የማያውቅ ተማሪ የስፖርት ክፍያ የሚከፍለው ለምንድን ነው? በሌሊት ፈረቃ ያ ክፍያ ላይ የምንጨምርለት እኛ ወላጆች አይደለንም? በዚያው ግቢ ካፍቴሪያ የምትሠራ እህታችን በጀት ጎደለ ተብላ ስትቀነስ ስድስት ዓመት ማን ቆጠረላት? ልጆቹስ? እስከ 2021 ድረስ ትምህርት ቤት የቀየረ የፉትቦል ተጫዋች በአብዛኛው አንድ ዓመት ከሜዳ ውጭ ይቀጣ ነበር። እናቱ ቤት ገብቶ «እንደ ልጄ አየዋለሁ» ብሎ የመለመለው አሰልጣኝ ግን የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሳይደርስ፣ በአንድ ሌሊት፣ በግል አውሮፕላን ይሄዳል። አይቀጣም። አንድ ቀን እንኳ አይቀጣም። በዚያ ሁሉ ዘመን ልጁ በስሙ አንድ ዶላር መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። አሁን ሕጉ ተቀይሮ ልጆቹ እንደ ልባቸው ሲዘዋወሩና ሲከፈላቸው፣ «የዛሬ ልጆች ታማኝነት የላቸውም» እያለ የሚያለቅሰው ማን ነው? ያው ሰባት ግቢ የቀያየረው ሰውዬ ነው። ሐፍረት የሚባል ነገር የለም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ተመለስኩ።

እኛም ደጋፊዎች ድርሻችን አይረሳ። ኦክቶበር ላይ በሬዲዮ ደውለን «ይባረርልን» እንላለን። ለጋሹ ከምቾት ክፍሉ ሆኖ ስልክ ያነሳል። ይባረራል። ጃንዋሪ ላይ ከጎረቤት የተባረረው ሲመጣ ባርኔጣ ገዝተን እንቀበለዋለን። የኛው ደግሞ ጎረቤት ይሄዳል፤ እዚያም ባርኔጣ ተገዝቶ ይጠብቀዋል። የኛን ለነሱ፣ የነሱን ለኛ። እንደ እቁብ በየተራ ይደርሳል።

ስለዚህ ለሐበሻ ወላጆች ምክር አለኝ። ልጆቻችንን ዶክተር ሁኑ፣ ኢንጂነር ሁኑ፣ እያልን ጨረስናቸው። በስንት ክፍለ ግዛት ከመንግሥት ደሞዝተኞች ሁሉ በላይ የሚከፈለው ገዥው ሳይሆን የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ እንደሆነ አልነገርናቸውም። ረዳት ሆኖ ማጥቃቱን ብቻ እየመራ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያገኝ እንዳለ አልነገርናቸውም። እኔ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አካውንቲንግ ነው የሚማረው።

«ጋሼ፣ እኔኮ ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም» አለኝ።

«ወረቀት መያዝ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«አፍህን መሸፈንስ?»

ሳቀ። ቀጥሎ ግን፣ የአካውንታንት ነገር፣ ቆም ብሎ አሰበና ጠየቀኝ። «ከተባረርኩስ?»

«ያኔማ የእናትህን የቤት ዕዳ ትዘጋላታለህ።»