የአዲስ ቤት ወለል፦ እምነ በረድ ወይስ ሴራሚክ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «አዲስ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ወለሉን በተፈጥሮ ድንጋይ ቢያነጥፍ ይመረጣል።» ደጋፊዋ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤታቸውን በማጠናቀቅ ላይ ያሉ የቤት ባለቤት ናቸው። ተቃዋሚው በመኖሪያ ቤት ግንባታ የተሰማሩ መሐንዲስ ናቸው።

የቤት ባለቤቷ፦

ሴራሚክ ሰልችቶኛል። የገባሁበት አዲስ ቤት ሁሉ ያንኑ የሚያብለጨልጭ ነጭ ወለል አንጥፎ ይጠብቀኛል። ጎንበስ ብዬ ሳየው የእምነ በረድ ሥዕል የታተመበት ሸክላ ነው፤ ያው ግራጫ መስመር ከጥቂት ንጣፍ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የሚገርመው ድንጋዩ ራሱ አገራችን ውስጥ መኖሩ ነው። እምነ በረድ ቢሉ ቤንሻንጉል ጉሙዝና ትግራይ፣ ግራናይት ቢሉ ሐረርጌ። የውጭ ምንዛሪ የለም እያልን ሥዕሉን በመርከብ እናስመጣለን! ሴራሚክ ላዩ ከተፋቀ አለቀለት። እምነ በረድ ሲደበዝዝ በማሽን ይፋቃል፣ ይወለወላል፣ እንደ አዲስ ይሆናል። አክሱም ላይ ሐውልት ላቆሙ ሰዎች ልጆች ስለ ድንጋይ ዕድሜ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ አንጥፌ እረሳዋለሁ።

መሐንዲሱ፦

«አንጥፌ እረሳዋለሁ» ያሉትን ደጋግሜ አነበብሁት። እኅቴ፣ እምነ በረድ የሚረሳ ነገር አይደለም። ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ሎሚ አሲድ ነው፣ ኮምጣጤም፣ ለስላሳ መጠጡም፣ ብዙው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃም እንዲሁ። ለፋሲካ ዶሮው በሎሚና በጨው ሲታጠብ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ያረፈበትን ቦታ ያደበዝዘዋል። እድፍ ቢሆን በታጠበ ነበር፤ ድንጋዩ ራሱ ስለተበላ ግን ማሽን መጥራት ነው። እርጥብ ቄጠማ ነጭ ድንጋይ ላይ ሲያድር ምን ጥሎ እንደሚሄድም በበዓሉ ማግስት ያዩታል።

የአክሱም ሐውልቶች ከእምነ በረድ አልተሠሩም። ድንጋያቸው ከቀለጠ ዓለት የተፈጠረና እጅግ የጠነከረ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ትልቁ፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ ወድቆ ተሰባብሯል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እምነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው የሴራሚክ ንጣፍ ግን ከ20 እስከ 23 ኪሎ ግራም ነው። 30 ካሬ ሜትር ሳሎን ላይ ልዩነቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል፤ ከሥሩ የሚፈሰው ሞርታር፣ የስሚንቶና የአሸዋው ድብልቅ፣ ሳይታሰብ። የላይኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከመው ኮንክሪት፣ ሲሰላ ይህ ታስቦ ነበር? ነገሩን ሁሉ ትተን፣ የእርስዎን ሳሎን የሚያይ እንግዳ ልዩነቱን አያውቀውም።

የቤት ባለቤቷ፦

እንግዳ! እስካሁን ይህን ቤት የምሠራው ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ከባንክ ተበድሬ፣ ከስሚንቶ ዋጋ ጋር ተናንቄ ያቆምሁት ቤት መለኪያው በዓመት ሁለቴ ብቅ የሚል እንግዳ ማወቅና አለማወቅ ነው? የመሐንዲሶቻችን ችግር ይኸው ነው፤ ከውጭ ያማረ ቤት ሠርተው ባለቤቷን ውስጡ መኖር ያስመርሯታል።

ሎሚውን በተመለከተ የድንጋይ ማሸጊያ ቅባት የሚባል ነገር አለ። ተቀብቶ ይደርቃል፣ በየጊዜው ይታደሳል። ደግሞስ ሴራሚክ ነው የማይሰነጠቅ? በክረምት አብጦ በበጋ በሚሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ላይ መሠረቱን ሳያጠልቁ የሠሩት ቤት ወለሉ ምንም ይሁን ምን ይሰነጠቃል። ያኔ ለሴራሚኩ አቻ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር «ያ ቀለም አሁን አይመጣም» የምባለው እኔ ነኝ።

መሐንዲሱ፦

አቻ ማጣቱ እውነት ነው፤ ደንበኞቼን ትርፍ ካርቶን ገዝታችሁ አስቀምጡ የምለው ለዚህ ነው። ማሸጊያው ግን ዘይትና ቀለም እንዳይሰርግ ያግዛል እንጂ ሎሚ የድንጋዩን ገጽ እንዳይበላ አያደርግም። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው። ቀለሙ ነጣ ያለውን ድንጋይ ደግሞ በግራጫ ስሚንቶ ካስነጠፉት፣ እርጥበቱ ጥላውን ይዞ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ነጭ ስሚንቶ ያስፈልገዋል። «በየጊዜው ይታደሳል» ማለትዎንም አስተውያለሁ። ታዲያ መርሳቱ የት ደረሰ? እርስዎ ይረሱት ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ የምትወለውለው ልጅ ግን ልትረሳው አትችልም። የሚሟገቱለትን ወለል የምትጠብቀው እሷ ናት፤ አስተያየቷን የጠየቃት ግን የለም።

የቤት ባለቤቷ፦

ይህ ነውር ነው፣ ኢንጂነር። ስለ ወለል ልንከራከር ተቀምጠን የቤቴን ገመና ሊፈትሹ ገቡ። ቤቴን ራሴ የምወለውል ሴት መሆኔን እንዴት ሊያውቁ ይችሉ ነበር? አልጠየቁማ። የወለል ጨርቅ ከያዝሁበት ዘመን ጀምሮ እናቴ ቤት የነበረውን የስሚንቶ ሊሾ በቀይ ሰም ስወለውል አድጌያለሁ፤ መወልወል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ለማይታይ ነገር አይከፈልም የሚል ባለሙያ ነው። እርስዎ የሠሩት ቤት ከግድግዳው ጀርባ ያለው ቧንቧ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ያሳስበኝ ጀምሯል፤ እሱንም እንግዳ አያየውማ!

መሐንዲሱ፦

ቧንቧዬን ሳያዩ ፈረዱበት፤ ይሁን። ስለ ልጅቷ ያልሁትን ግን አላነሣም፤ እርስዎ ራስዎ ቢወለውሉም አብዛኛው የሚያሠራኝ ሰው አይወለውልም። ሳሎኑን እንደወደዱ ያድርጉ። ወጥ ቤቱን ግን ግራናይት ያድርጉት፤ ሎሚና ኮምጣጤ እንደ እምነ በረድ አይበሉትም። ደረጃውም ግራናይት ይሁን፣ ያልተወለወለው ዓይነት፤ በሐምሌ ጭቃ የረጠበ ጫማ በተወለወለ ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ማንንም አይለይም።

የቤት ባለቤቷ፦

አሁን ግራናይትም የተፈጥሮ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው? ወጥ ቤቱንና ደረጃውን ሰጥተውኛል፣ ሳሎኑን «እንደወደዱ» ብለዋል። የቀረው መኝታ ቤቱ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዶሮ አላጥብም።

መሐንዲሱ፦

መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ስለ ሶሌታው ጠይቄዎት ነበር።

የቤት ባለቤቷ፦

ሶሌታውን ያሰላው ሌላ መሐንዲስ ነው። እሱን ይጠይቁት፤ የሙያ ባልደረባዎ አይደል!