ከፋሲካ በኋላ አዳራሹን ክፈቱልን

ፋሲካ ሲደርስ የሙዚቃ ወሬ ይበዛል። 55ቱ የጾም ቀናት አልፈው ማሲንቆው ከተሰቀለበት ይወርዳል። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንሰርት ፖስተር በየአጥሩ ይለጠፋል። ዋሽንግተን፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን አዳራሽ ተከራይተው፣ ዘፋኝ ከአገር ቤት አስመጥተው በዓሉን ያደምቁታል። በትንንሽ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ግን ሙዚቃውን የምናገኘው ከቴሌቪዥን ነው። ባንዱ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ይጫወታል፤ እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን እናያለን።

ብዙ ሰው "አቅም የለንም፣ ምን እናድርግ?" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አዳራሽ አለን። ሙዚቀኛም አለን። የጠፋው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ አዳራሹ ላውራ። በአብዛኞቹ የወረዳ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አንድ አዳራሽ አይጠፋም። እሱ ከሌለ የቀበሌ አዳራሽ አለ፤ ወይም የወጣት ማዕከል። ገብታችሁ እዩት። ፊት ለፊት በሲሚንቶ የተሠራ መድረክ አለ። መድረኩ ላይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ተቀምጧል። ያለፈው ሥልጠና ባነር ከግድግዳው አልወረደም። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ያለ ደብዳቤ አይከፍትም። ደብዳቤው የሚጻፈው ለስብሰባ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ካለ ይከራያል። ከዚያ ውጪ ተቆልፎ ይውላል፣ ተቆልፎ ያድራል።

ይህ ቤት የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ነዋሪው አዋጥቶ፣ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ ያሠራቸውም አሉ። ታዲያ ለነዋሪው ደስታ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

ወደ ሙዚቀኞቹ ልምጣ፤ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ዞኖችና አንዳንድ ከተሞች በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሥር የባህል ቡድን አላቸው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ድምጻውያን፣ ተወዛዋዦች። ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ልብስ ይሰፋላቸዋል። ጎበዞች ናቸው። ግን መቼ ይጫወታሉ? እንግዳ ሲመጣ። ጉባኤ ሲከፈት፣ ፕሮጀክት ሲመረቅ፣ ከላይ ኃላፊዎች ሲመጡ። ሁለት ዘፈን ተጫውተው፣ አንድ እስክስታ አሳይተው ይወርዳሉ። የከተማው እናት፣ የከተማው ተማሪ፣ የከተማው ጡረተኛ የራሱን ባንድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ሰምቶት አያውቅም።

ሙዚቀኞቹስ ቢሆን? አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሁለት የአቀባበል ዘፈን ብቻ ሲደጋግም እጁ ይደርቃል። ጥሩ ሙዚቀኛን የሚሠራው ታዳሚ ነው። አዳራሹ ዝም ሲል፣ ሲያጨበጭብ፣ ሲሰለች፣ ሲነሳ፣ ይሄ ሁሉ ለተጫዋቹ ትምህርት ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን የየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ነበሩ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ዛሬም በስም ይነሳሉ። ቀበሌ እንኳ የራሱ ኪነት ነበረው። በእርግጥ መንግሥት ያቋቋማቸው ለቅስቀሳ ነበር፤ የመፈክር ዘፈንም በግድ ያስዘፍኗቸው ነበር። ያንን መልሱልን የሚል የለም። ግን ቡድኖቹ መድረክ ላይ ስለቆሙ ትልልቅ ሰዎች ወጡ። ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከወሎ ላሊበላ ኪነት ነው። በ1980 ዓ.ም. ውጭ አገር ዞሮ ያሳየው የሕዝብ ለሕዝብ ቡድንም ከክፍለ ሀገር ኪነቶች የመጡ ከያንያን ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች የተገኙት አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። በክፍለ ሀገር አዳራሽ፣ በጎረቤታቸውና በዘመዳቸው ፊት ተፈትነው ነው። ከ1983 በኋላ ብዙዎቹ ቡድኖች ተበተኑ ወይም ወደ ባህል ቢሮዎች ተጠቃለሉ። አዳራሾቹ ለስብሰባ ብቻ ቀሩ።

ከዚያም በላይ፣ ሙዚቃችን ራሱ የክፍለ ሀገር ልጅ ነው። አራቱን ቅኝቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ ከተማ ናት፤ ወሎ ውስጥ፣ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች። አምባሰልም እዚያው ወሎ ነው። በስማቸው ቅኝት የሚጠራባቸው ቦታዎች ልጆች ያንን ቅኝት በአካል የሚሰሙበት መድረክ ሊያገኙ ይገባል። ከዚህ የበለጠ መከራከሪያ ማምጣት አልችልም።

"አዝማሪ ቤት አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። ሙዚቃውን እስከዛሬ ያቆየልን እሱ ነው። ግን አዝማሪ ቤት መጠጥ ቤት ነው። የ14 ዓመት ልጅ አይገባም። እናቶች በብዛት አይገቡም። መጠጥ የማይነካ ሰው ይጨነቃል። የሆቴሎቹ ሙዚቃም ያው ነው፤ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምጻዊ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘፋኝ ሲገኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባንድ የለውም። ሙዚቃውን በፍላሽ ይዞ መጥቶ በላዩ ላይ ይዘፍናል። ሰውም ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቤቱ ያለውን ቅጂ ሰምቶ ይመለሳል።

በአዳራሽ የሚቀርብ የቀጥታ ሙዚቃ ከዚህ ሁሉ ይለያል። አንድ ቀን አንድ የባህል ቡድን ሲለማመድ ቆሜ አይቻለሁ። ማሲንቆ ተጫዋቹ የደጋኑን የፈረስ ጭራ ዕጣን ይቀባል። ቀብቶ ይሞክራል፤ ድምፁ አልያዘለት ሲል እንደገና ይቀባል። ዋሽንት ተጫዋቹ ጉልበቱ ላይ አጭርም ረጅምም ዋሽንቶች ደርድሯል፤ ዋሽንት እንደ ክራር ስለማይቃኝ፣ ድምጻዊቷ ከፍ ስትል ወይም ዝቅ ስትል እሱ ዋሽንት መቀየር አለበት። በሩ ላይ ሦስት ልጆች ቆመው ነበር። ድምጻዊቷን አላዩዋትም። ዓይናቸው የዋሽንት ተጫዋቹ ጣቶች ላይ ነበር። አንደኛው ልጅ ባዶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ጥበቃው መጥቶ አባረራቸው።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው። ለነዚያ ልጆች የሚቀርባቸው ትምህርት ቤት ያ በር ነበር።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። የምለው ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ሃምሳ ቀናት እንጠቀምባቸው ነው። የእኛ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ከእሱ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም የለም። የሰኔ ጾም ገና አልገባም። ክረምቱም ገና ነው። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አጠገቡ ያለው የሚናገረውን እንኳ አይሰማም። በበልግም ሊዘንብ ይችላል፤ ግን እንደ ክረምቱ አይደለም።

ቀኑ ዓርብ ይሁን። ቅዳሜና እሁድ የሰርግ ነው። አዳራሹም ይያዛል፣ ሙዚቀኞቹም ሰርግ ላይ ናቸው፤ እንጀራቸውን ልንሻማቸው አይገባም። ዓርብ ግን አዳራሹም ባዶ ነው፣ እነሱም ነፃ ናቸው። ተማሪውም በማግስቱ ትምህርት የለውም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተጀምሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቅ። ሰው ባጃጅ ሳያጣ ቤቱ ይገባል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሰባት ዓርብ አለ። ሰባቱም ይሁን አልልም፤ ሦስቱ ቢሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርባቸው ከተሞች የረመዳንንም ነገር ማየት ያስፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ስለሚገባ ከሃምሳው ጋር የሚገጥምበት ጊዜ ይመጣል። ያኔ ቀኑን ማሸጋሸግ ነው።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለስታዲየም የሚሆን ስፒከር ተከራይተው ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ይደረድሩታል። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይተፋዋል። ማሲንቆው ይጠፋል፤ የሚሰማው ቤዝ ብቻ ይሆናል። ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሁለት ስፒከር፣ አንድ ትንሽ ሚክሰርና ጥቂት ማይክ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ቢሰቀል ማስተጋባቱ ይቀንሳል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ደግሞ ድምፁ ራሱ ይስተካከላል፤ ሰው ድምፅ ይውጣል። መብራት ቢጠፋ? ለባህል ሙዚቃ መብራት መጥፋት የዓለም መጨረሻ አይደለም። ከበሮና ማሲንቆ ሶኬት አይፈልጉም። ሻማ ይበራል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል።

ገንዘቡስ? የባህል ቡድኑ ደመወዝተኛ ነው፤ አዳራሹ የራስ ነው። የሚቀረው የድምፅ መሣሪያ ኪራይ፣ ፖስተርና የጽዳት ወጪ ነው። ቲኬቱ ከአንድ ድራፍት ዋጋ ባይበልጥ፣ ተማሪ ግማሽ ቢከፍል ይሸፍነዋል። ለከተማው አዝማሪዎችና ለወጣት ድምጻውያን ደግሞ ከቲኬቱ ላይ ድርሻ ይሰጣቸው። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማትም አይቅር፤ እሱ የኛው ወግ ነው። ድሮ ቢራ ፋብሪካዎች በየከተማው መድረክ ያዘጋጁ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ አስወጣ። አንዳንድ አዘጋጅ "ከዚያ ወዲህ ስፖንሰር የለም" ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛ ዝግጅት ግን ቢራ ፋብሪካ አያስፈልግም። ልጆች የሚገቡበት አዳራሽ ቢራ ባይኖርበት ይሻላል። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የግንባታ ዕቃ መደብሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ ይበቃል። ቡናና ፈንዲሻ የሚሸጡ እናቶችም ገቢ ያገኛሉ።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። "ኑሮው እንዲህ ተወድዶ፣ አገሩ እንዲህ ታምሶ፣ ስለ ሙዚቃ ታወራለህ?" ይባላል። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ። ተኩስ በሚሰማበት፣ ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የሚኖር ወገኔን "ኮንሰርት አዘጋጅ" ልለው አልችልም። እዚያ ሰላም ይቀድማል። ሰላም ባለበት ግን ዝም ብለን የምንጠብቀው ለምንድን ነው? በእነዚህ ዓመታት ሰው ከሰው ርቋል። ጎረቤት ከጎረቤት መተያየቱን ቀንሷል፤ ከተገናኘም ለቅሶ ቤት ነው። ለደስታ የሚገናኝበት፣ ሳይጠራ የሚገባበት፣ ብሔሩና ሃይማኖቱ የማይጠየቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ወጣቱን "ጫት ቤት አትዋል፣ ስልክህ ላይ አትፍዘዝ" እያልን እንመክራለን። የት ይሂድ? ምክሩን ለሚሰጡት ኃላፊዎች ጥያቄው ይኸው ነው። አዳራሹ በእጃቸው ነው።

የሃይማኖት አባቶችንም ቀድሞ ማነጋገር ጥሩ ነው። ሰዓቱ ከጸሎትና ከሶላት ጋር እንዳይጋጭ፣ ድምፁ ከአዳራሹ እንዳያልፍ ከተነጋገሩ ቅሬታ አይኖርም። ብዙ ጊዜ ቅር የሚላቸው ሙዚቃው ስላለ ሳይሆን ሳይጠየቁ ስለተደረገ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን ዕቅድ የሚያዘጋጁት ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ባህል ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ "የባህል ቡድኑ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርብ ዓርብ ለነዋሪው በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይጫወታል" የሚለውን አንድ መስመር ዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት። የከተማ ምክር ቤት አባል የሆናችሁ ደግሞ ዕቅዱ ለውይይት ሲቀርብ ያ መስመር መኖሩን ፈልጉ፤ ከሌለ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ።