አርባ ዓመት ለወንድ የተያዘ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት በተገኘሁበት የአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የደረጃ ዕድገት ውጤት ከተነበበ በኋላ አንድ ኃላፊ ተነሥተው፣ «የሴቶች ልዩ ድጋፍ ጊዜው አልፎበታል፤ ወንበር የሚገባው ለችሎታ ብቻ ነው፤ ድጋፉ የሚያዋርደው ራሳቸውን ሴቶቹን ነው» አሉ። የአዳራሹ ግማሽ አጨበጨበ። በዚያ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ግን ተዋረድኩ ያለች አልነበረችም፤ የጠየቃትም የለም።

እስከ 2010 ዓ.ም. የሠራው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለሴት ተወዳዳሪዎች ቅድሚያ የሰጠው ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ሲያመጡ ነው። ፈተና የወደቀች ሴት ያለፈውን ወንድ ቀድማ እንድትመደብ አላዘዘም። ታዲያ የተረገጠው የማን ችሎታ ነው? እኩል የሚችሉ ሁለት ሰዎች ቀርበው ወንዱ ሲመረጥ ዝም የሚል፣ ሴቷ ስትመረጥ ግን ምጽዋት ተሰጣት የሚል ሰው የሚከራከረው ለችሎታ አይደለም። ይህን የተናገሩት ኃላፊም ወንበራቸውን ያገኙት በሹመት እንጂ በፈተና ተወዳድረው አይደለም።

ልዩ ድጋፍ በዚህች አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የተጀመረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ተጠቃሚው ግን ወንድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሾመው፤ ሚስት እንድትታዘዘው አዘዘ፤ የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ለእርሱ ሰጠ፤ የቤት ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለም የቤቱን ሥራ በእርሷ ላይ ጣለ። ይህ የሕጉ የቤተሰብ ክፍል በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እስኪተካ ድረስ አርባ ዓመት ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት ወንዱ ወደ ሌላ ከተማ በዕድገት ሲዛወር ቤተሰቡ ተከትሎት ሄዷል፤ ሚስቱ ዕድገት ቢመጣላት ግን የት እንደምትኖር የሚወስነው እርሱ ነበር። እርሱ ማታ ተምሮ ዲግሪውን ሲይዝ እርሷ ምጣድና ልጅ ይዛ አምሽታለች። የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እርሱ ስለነበር ለመነገድ የተነሣች ሚስት መነሻዋ የባሏ ፈቃድ ነበር። ዛሬ በሥራ ልምድና በትምህርት ዝግጅት ስም ነጥብ የምንሰጠው እንዲህ ለተጠራቀመ ጊዜ ጭምር ነው፤ ጊዜውን የሰጠችው ሴት ግን ከነጥቡ ምንም አልደረሳትም። ለወንዱ የተያዘውን የአርባ ዓመት ነጥብ ማንም ሳይቆጥር፣ የእርሷ ጥቂት ነጥብ እንዴት ፍትሕ አጓደለ ይባላል?

ሕጉ ተሻሽሎም ሸክሙ አልተካፈለም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ሕፃኑን ማን እንደሚያሳድግ አስቀድሞ ወስኗል ማለት ነው።

«ጊዜ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉትም ፖለቲካውን ይመልከቱ። በጥቅምት 2011 ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሆኑ፤ ወዲያው ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በመስከረም 2014 በተዋቀረው ካቢኔ ከ22 ሚኒስትሮች ሴቶቹ ስምንት ነበሩ። የርእሰ ብሔሩና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንበሮችም ዛሬ በወንዶች ተይዘዋል። ግማሽ በግማሹ ካቢኔ በአንድ ሰው ፈቃድ መጣ፤ በሕግ ስላልታሰረም በሦስት ዓመት ውስጥ ሳሳ።

ድጋፉ ከገጠሯ ሴት ይልቅ ለከተማዋ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ይህ ግን እንዲሰፋ እንጂ እንዲነሣ ምክንያት አይሆንም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2003 በውሳኔ ሰጪ አካላት ውስጥ ቢያንስ 30 በመቶው ድርሻ የሴቶች እንዲሆን በሕገ መንግሥቷ ጻፈች፤ በ2008ቱ ምርጫ ሴቶች ከታችኛው ምክር ቤት መቀመጫ ከግማሽ በላይ ያዙ። የእኛም የምርጫ ሕግ ከእያንዳንዱ ፓርቲ ዕጩዎች ቢያንስ ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያስገድድ፤ ይህን ላላሟላ ፓርቲም ዕጩዎቹ አይመዝገቡለት።