ድንጋዩ ከእኔ በፊት ነው

ሰልፍ አለመሰለፍ ይህን ያህል የረቀቀ ጥበብ መሆኑን ባለፈው ሳምንት ሞያሌ ላይ ተማርኩ። እስከዚያ ድረስ ሰልፍ ማለት አንዱ ከሌላው ኋላ መቆም ይመስለኝ ነበር። የኔ የዋህነት!

ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ፣ እዚያው ሞያሌ አድሬ፣ ወደ ኬንያ ልሻገር ማልጄ ነው ድንበሩ ኬላ የሄድኩት። ወረቀቴ ሙሉ ነው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ መኪናዋን ለጊዜው የማስወጫ ፈቃድ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ቢጫ ካርዶች። አንደኛው የኮሜሳው (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያው) የሦስተኛ ወገን መድን ነው፣ ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት። ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ቢጫ ያየ ይባረራል፤ ድንበር ላይ የሚባረረው ሁለት ቢጫ የሌለው ነው። (በነገራችን ላይ የክትባቱ ካርድ ከሐምሌ 2008 ወዲህ ዕድሜ ልክ ነው የሚያገለግለው፤ አሥር ዓመት ሞላው ብላችሁ ክንዳችሁን ደግማችሁ እንዳትሰጡ።)

ኬላው ራሱ ሰው ሰልፍ እንዳያበዛ ታስቦ የተሠራ ነው። ድሮ የእኛን መውጫ እዚህ ታስመታለህ፣ የእነሱን መግቢያ ተሻግረህ ታስመታለህ። ኅዳር 30 ቀን 2013 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ከመረቁት በኋላ ግን ወደ ኬንያ የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ማኅተም የሚያስመታው ኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ደግሞ በእኛ በኩል ባለው። አንድ ጊዜ ብቻ መቆም። ሁለቱ መንግሥታት ስንት ዓመት ለፍተው ሁለት ሰልፍ የነበረውን አንድ አደረጉት፤ የእኛ ሰው ደግሞ በአንድ ጠዋት አንዱንም ዜሮ አደረገው።

በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ከፊቴ ሦስት ሰዎች፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካንና አንድ ድንጋይ ተሰልፈዋል። እኔ ከድንጋዩ ኋላ ያዝኩ።

ስለ ድንጋዩ ላውጋችሁ። ከሜጋ አካባቢ የመጣ መሰለኝ፤ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ የእሳተ ገሞራ ዘር ነው። እንደሱ ያለ ጨዋ ሰልፈኛ አይቼ አላውቅም። አይገፋም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ከአጎቱ ልጅ ጋር ስለ ቦታ ክርክር አያወራም። «እስክሪብቶ ይኖርሃል?» ብሎ ተቀብሎ አይሰወርም። ፀሐይዋ እየበረታች ስትመጣ እኔ ጥላ ፍለጋ ስቁነጠነጥ እሱ ንቅንቅ አላለም። ቆይቶ ሐሳብ ያዘኝ። ተራው ሲደርስ ቅጹን እንዴት አድርጎ ሊሞላው ነው? የአያት ስም፦ አለት። የትውልድ ቦታ፦ ኤል ሶድ፣ የቦረናው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ። የትውልድ ዘመን ላይ እንደኛ ተምታቶበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሞላው ግድ የለም፣ በእሱ ዕድሜ ሰባት ስምንት ዓመት ማን ይቆጥራል? ሥራ፦ ወረፋ መያዝ። የጉዞው ምክንያት፦ ተወርውሬ። የሚቆዩበት ጊዜ፦ እስኪያነሱኝ። ቢጫ ወባ አያሰጋውም፣ የትኛዋ ትንኝ ደፍራ? የሻንሲ ቁጥር ቢጠየቅ ገልበጥ አድርጎ ከሥሩ ማየት ነው። አሻራ ሲሉትስ? አሻራው ላይ ስደርስ ጭንቅ አለኝ፤ ለድንጋይ ስጨነቅ የራሴን ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ።

በሩ ሊከፈት ሲል ባለቤቱ ከተፍ አለ። ፊቱን ታጥቦ፣ ፍርፍሩን በልቶ፣ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ። ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና ቆመ። ከእሱ ቀጥሎ ሚስቱ ገባች። ከዚያ አማቱ። ከዚያ ሁለት ወጣቶች፣ ከዚያ የሌላኛዋ መኪና ሾፌር። ስድስት ሰው ሆኑ።

«ይሄ ሁሉ?» አልኩት።

«አብረን ነን» አለኝ።

ድንጋዩ ይህን ያህል ቤተሰብ እንዳለው አልነገረኝም ነበር።

ከባለድንጋዩ የሚልቀው ሊቅ ግን «ለጥያቄ ብቻ ነው» ባዩ ነው። እሱማ ድንጋይም አያስቸግርም። ከግራ በኩል እየታከከ ይመጣል፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ከወዲሁ እየተለማመደ ነው ብዬ አደነቅሁት። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጥያቄው ከጃኬቱ ኪስ ወጣ፤ አምስት ፓስፖርት ሆኖ። እንዲህ ያለ ጠያቂ ትውልድ ያፈራች አገር መቼም አታፍርም።

ከኋላዬ አንዲት እናት ነበረች። በእግሯ ነው የምትሻገረው፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ገፏት። ሦስት ጊዜ! አንዱም ዞር ብሎ አላያትም። ይሄ ብልጠት አይደለም፣ ሌብነት ነው። መርካቶ ኪስ ሲገባ የተያዘ ልጅ አጥንቱ እስኪሰበር ይደበደባል፤ የዚህችን ሴት ጠዋት የሰረቀ ጎልማሳ ግን «ፈጣን ነው» ተብሎ ቡና ይጋበዛል። ቅድም ስስቅ የነበርኩት እኔም አፈርኩ። ፈቀቅ ብዬ ከፊቴ አስገባኋት። ይሄኔ ማን ዞሮ ቢጮህ ጥሩ ነው? ባለድንጋዩ!

«ኧረ ወገን፣ ሰልፍ ይከበር!»

ማኅተሜን አስመትቼ ስወጣ ድንጋዩን ግድግዳው ሥር ወድቆ አገኘሁት። ባለ ጀሪካኑ ጀሪካኑን፣ ባለ ነጠላ ጫማው ጫማውን ይዞ ሄዷል። እሱን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ስመለስም ሰልፍ አይቀርልኝምና አንስቼ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

መውጫው ጋ ፈታሹ አጎንብሶ በመስኮት ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«አብረን ነን» አልኩት።